የተረሱ አሮጌ ፊልሞችን በዲስክ ፈልጎ፣ ትክክለኛውን ቅጂ መርጦ በቤት ውስጥ ለማየት

እ.ኤ.አ. በ1922 ጀርመን ውስጥ በተሠራው «ኖስፌራቱ» በተባለው ድምፅ አልባ ፊልም፣ ደም መጣጩ ኦርሎክ የራሱን የሬሳ ሣጥን ተሸክሞ ጭር ባለ ከተማ ውስጥ የሚሄድበት ትዕይንት አለ። ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁት በርካሽ በገዛሁት ዲቪዲ ሲሆን፣ የፀሐይ ብርሃን ሲያገኘው የሚሞተው ይህ ፍጡር በጠራራ ፀሐይ ጥላውን እየጎተተ ሲያዘግም ስመለከት ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ዳይሬክተሩ ሙርናው የራሱን ታሪክ የዘነጋ መስሎኝ ዲስኩን አውጥቼ አስቀመጥኩት። ከዓመታት በኋላ የታደሰውን ቅጂ ሳይ ግን ያው ትዕይንት በሰማያዊ ቀለም ተነክሮ ሌሊት ሆኖ አገኘሁት። በዚያን ጊዜ የነበረው ጥሬ ፊልም ለብርሃን ያለው ስሜት ደካማ ስለነበር የሌሊት ትዕይንት ብዙ ጊዜ ቀን ይቀረጽና፣ ለሲኒማ ቤት የሚላከው ቅጂ ሲታተም ሌሊቱ ሰማያዊ፣ የመብራት ብርሃን ያለበት ክፍል ቢጫ፣ ንጋቱ ሮዝ ቀለም ውስጥ ይነከር ነበር። የእኔ ርካሽ ዲስክ ቀለም ከሌለው ቅጂ የተገለበጠ በመሆኑ ሌሊቱ ከነአካቴው ጠፍቶበታል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ከዚያ ስሕተት በተገኘ ትምህርት ነው። አሮጌ ፊልም ሲያዩ የሚያዩት አንድ የተወሰነ ቅጂ ነው፤ ከየትኛው ኔጋቲቭ (ቅጂዎች ከሚታተሙበት ዋና ፊልም) እንደተወሰደ፣ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ፣ ቀለሙና ሙዚቃው የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ስለ ፊልሙ መፍረድ አይቻልም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ መነሻ የሚሆን አንድ ክር መያዝ

ምርጥ መቶ ፊልሞች የሚሉ ዝርዝሮችን ከላይ ወደ ታች ለመጨረስ የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ አራተኛው ፊልም ላይ ይደክመዋል። የሚሻለው አንድ ዳይሬክተር፣ አንድ ተዋናይ ወይም አንድ ዘውግ ይዞ ያንኑ እየተከተሉ መሄድ ነው። ድምፅ አልባ ፊልም ጨርሶ አይቶ ለማያውቅ ሰው ከኮሜዲ እንዲጀምር እመክራለሁ፤ በተለይም የበስተር ኪተን «ሸርሎክ ጁኒየር» ርዝመቱ 45 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ የመጀመሪያ ቀን ትዕግሥትን አይፈትንም። በ1924 የወጣው ይህ ፊልም በሲኒማ ቤት ፊልም የሚያጫውት አንድ ሰው እንቅልፍ ወስዶት ወደ ስክሪኑ ውስጥ ሲገባ ያሳያል። ኪተን በባቡር ሐዲድ ዳር ካለው የውኃ ማማ የሚወርደው ውኃ የሚጥለውን ትዕይንት ሲሠራ የአንገቱ አጥንት እንደተሰበረ ያወቀው ከዓመታት በኋላ ሐኪም ሲያየው ነው፤ ያንን እያወቁ ማየት ሳቁን ትንሽ ያቀዘቅዘዋል።

ወደ ወንጀል ወይም ወደ አስፈሪ ፊልም የሚያደላ አንባቢ ደግሞ በ1945 ከተሠራው «ዲቱር» ወይም በ1962 ከወጣው «ካርኒቫል ኦፍ ሶውልስ» ሊጀምር ይችላል። ሁለቱም እጅግ በትንሽ ገንዘብ የተሠሩ፣ በወጡበት ጊዜ ብዙ ሰው ያላስተዋላቸው፣ ቆይተው ግን ወዳጅ ያፈሩ ናቸው። የሁለተኛው ዳይሬክተር ኸርክ ሃርቪ የመደበኛ ሥራው ለትምህርት ቤቶችና ለድርጅቶች የሚሆኑ ማስተማሪያ ፊልሞችን መሥራት ነበር።

ፍለጋ ከመጀመርዎ በፊት የፈለጉት ፊልም በሕይወት መኖሩን ያረጋግጡ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ያወጣው ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ1912 እስከ 1929 አሜሪካ ውስጥ ከወጡት ወደ 11,000 የሚጠጉ ረዣዥም ድምፅ አልባ ፊልሞች መካከል በመጀመሪያ ይዘታቸው ሙሉ ሆነው የተረፉት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ጥሬ ዕቃው ናይትሬት በቀላሉ የሚቀጣጠልና የሚበሰብስ ነበር፤ በ1937 በኒው ጀርሲ ሊትል ፌሪ በተነሣው የመጋዘን እሳት የፎክስ ኩባንያ አብዛኛው የድምፅ አልባ ዘመን ሥራ ወድሟል። ድምፅ ያለው ፊልም ከመጣ በኋላም ባለቤቶቹ ራሳቸው ከእንግዲህ የማይሸጥ ዕቃ ነው ብለው የጣሉት ጥቂት አይደለም። ስለዚህ አንድ ርዕስ በየትም ቢጠፋብዎት የሻጮቹ ስንፍና ላይሆን ይችላል።

ደረጃ 2፦ ቅጂውን መመርመር

ዋናው ሥራ ይህ ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። አንድ ፊልም በአምስትና በስድስት ዓይነት ዲስክ ሊሸጥ ይችላል፤ የሽፋኑ ሥዕል ተመሳሳይ ሆኖ ውስጡ ያለው የተለያየ ነው። ከመግዛትዎ በፊት የሽፋኑን ጀርባ ወይም የሻጩን መግለጫ አንብበው የሚከተሉትን ይፈትሹ።

መጀመሪያ ርዝመቱን ይመልከቱ። «ሜትሮፖሊስ» በ1927 በርሊን ላይ ከታየ ብዙም ሳይቆይ ተቆራርጦ፣ የተጣለው ክፍል ለአሠርት ዓመታት እንደጠፋ ተቆጥሮ ነበር። በ2008 ግን ቦነስ አይረስ በሚገኝ የሲኒማ ሙዚየም ውስጥ ሙሉ ለሙሉ ሊባል የሚችል የ16 ሚሊ ሜትር ቅጂ ተገኘ፤ ከዚያ የተመለሰው 25 ደቂቃ ያህል ተጨምሮበት የታደሰው ፊልም በ2010 ታየ። ስለዚህ 148 ደቂቃ ገደማ የሚል ዲስክ ሲያዩ ይህ የአርጀንቲናው ግኝት የተካተተበት መሆኑን ይረዳሉ፤ ከ90 ደቂቃ በታች የሚል ከሆነ ታሪኩ ግማሽ በግማሽ ተጎምዷል። በታደሰው ፊልም ውስጥ ከቦነስ አይረስ የመጡትን ትዕይንቶች በዓይን መለየት ይቻላል፤ ምስሉ በድንገት በቁመት ጭረቶች ይሞላል፣ ክፈፉም ጠበብ ይላል። ዲስኩ የተበላሸ መስሎት ሊመልስ የተነሣ ወዳጅ ስላለኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ሆኖም ርዝመት ብቻውን ሊያታልል ይችላል፤ ምክንያቱ ፍጥነት ነው። በድምፅ አልባው ዘመን ካሜራው ብዙ ጊዜ በእጅ እየተዘወረ ስለሚቀረጽ በሰከንድ የሚያልፈው ፍሬም (አንድ ቋሚ ምስል) ከ16 እስከ 24 ባለው መካከል ይዋዥቅ ነበር፤ 24 ቁርጥ መለኪያ የሆነው ድምፅ ከመጣ ወዲህ ነው። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ አንድ ጫማ ርዝመት 16 ፍሬም ይይዛል። ስለዚህ 6,000 ጫማ የሆነ ፊልም በሰከንድ 16 ፍሬም ቢሄድ 100 ደቂቃ፣ በ20 ቢሄድ 80 ደቂቃ፣ በ24 ቢሄድ 67 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ አንዲት ፍሬም ሳትቆረጥ ማለት ነው። ሰዎቹ እንደ ጉንዳን ሲሯሯጡ የሚታዩባቸው ዲስኮች በአብዛኛው በዝግታ የተቀረጸው በ24 ስለተጫወተ የመጣ ችግር ያለባቸው ናቸው። ጥሩ አሳታሚ ፍጥነቱን ይጽፋል፤ እንዲያውም በ1928 የወጣውን «የጆአን ኦፍ አርክ ሕማም» በሁለት ፍጥነት፣ በ20 እና በ24፣ በአንድ ዲስክ ላይ ያወጡ አሳታሚዎች አሉ። ሁለቱንም አሥር አሥር ደቂቃ ቢያዩ የፊት ገጽታ በፍጥነት ምክንያት ምን ያህል እንደሚለወጥ ይገነዘባሉ። የዚሁ ፊልም የመጀመሪያ ኔጋቲቭ በእሳት ጠፍቶ ሳለ፣ በ1981 ኦስሎ አጠገብ ባለ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ቁም ሣጥን ውስጥ ሙሉ ቅጂ መገኘቱ ከፊልሙ ታሪክ ራሱ የማይተናነስ ነገር ነው።

ሦስተኛው በትዕይንቶቹ መሀል የሚገቡት የጽሑፍ ካርዶች ናቸው። ካርዶቹ የዘመኑ ናቸው ወይስ እንደገና የተሠሩ? ለምሳሌ ኦስካር ሚሾ በ1920 የሠራው «ዊዚን አወር ጌትስ»፣ ጥቁር አሜሪካዊ ዳይሬክተር ከሠራቸው ረዣዥም ፊልሞች ውስጥ በሕይወት ያለ ቀዳሚው ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ቆይቶ የተገኘው ስፔን ውስጥ «ላ ኔግራ» በሚል ርዕስ ነው። ከእንግሊዝኛው ካርድ የተረፈው ጥቂት ስለነበር አብዛኛው ከስፓኒሽ ተመልሶ ነው የተተረጎመው። ይህን የማያውቅ ተመልካች የአነጋገሩን ሻካራነት በሚሾ ላይ ሊያሳብብ ይችላል። ፊልሙ ኪኖ ሎርበር በ2016 ባወጣው አምስት ዲስክ ባለው የጥቁር አሜሪካውያን ፈር ቀዳጆች ስብስብ ውስጥ ይገኛል፤ ለአንድ ግዢ ብቻ ገንዘብ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ የማሳየው እሱን ነው።

ከዚያ የቀለሙን ነገር ይጠይቁ፤ ከላይ ስላነሣሁት አልደግመውም። ሙዚቃው ግን አንድ ቃል ያስፈልገዋል። ድምፅ አልባ ፊልም በዝምታ ታይቶ አያውቅም ቢባል ማጋነኑ ትንሽ ነው፤ በፒያኖ፣ በኦርጋን ወይም በሙሉ ኦርኬስትራ ይታጀብ ነበር። ርካሽ ዲስኮች ከትዕይንቱ ጋር የማይገናኝ የተቀዳ ሙዚቃ ከሥር ያነጥፋሉ፤ ልጅ ሲሞት ዋልስ ይጫወታል። በሽፋኑ ላይ ሙዚቃውን የደረሰው ወይም የተጫወተው ሰው ስም ከሌለ እዚያው ይተዉት።

ይህን ሁሉ ከሽፋኑ ማግኘት ካልተቻለ፣ «ሳይለንት ኢራ» የተባለው ድረ ገጽ የአንድ ድምፅ አልባ ፊልም ዲስኮችን በየአሳታሚው ለይቶ ይመዝናል፤ «ዲቪዲ ቢቨር» ደግሞ ከተለያዩ ዲስኮች የተወሰዱ አንድ ዓይነት ምስሎችን ጎን ለጎን ያቀርባል። አምስት ደቂቃ እነዚህ ላይ ማጥፋት ብዙ ብር ያድናል።

ደረጃ 3፦ ዲስኩና ማጫወቻው መግባባታቸውን ማረጋገጥ

አሜሪካ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ለበዓል ስትመጣ በምኞቴ ልክ የሆነ ብሉ ሬይ (ከዲቪዲ የተሻለ ጥራት ያለው ዲስክ) አመጣችልኝ፤ ከምሳ በኋላ ቤተሰቡ ተሰብስቦ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ዲስኩ ሲገባ «ይህ ዲስክ በዚህ አካባቢ አይጫወትም» የሚል መልእክት ወጣ። ጥፋቱ የእሷ ሳይሆን አስቀድሜ ያልነገርኳት የእኔ ነበር።

ዲስኮች የሪጅን ኮድ፣ ማለትም በየትኛው የዓለም ክፍል እንደሚጫወቱ የሚወስን ምልክት፣ አላቸው። በዲቪዲ አሜሪካና ካናዳ 1፣ ምዕራብ አውሮፓ፣ እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች 2፣ ኢትዮጵያ ደግሞ 5 ናቸው። በብሉ ሬይ አከፋፈሉ ቀለል ይላል፤ አሜሪካ «ኤ» ስትሆን፣ አውሮፓ፣ መካከለኛው ምሥራቅና አፍሪካ በሙሉ «ቢ» ናቸው። ስለዚህ ከለንደን ወይም ከዱባይ የተገዛ ብሉ ሬይ አዲስ አበባ ላይ ያለችግር ይሠራል፤ ከዋሽንግተን የመጣው ግን ሁሉንም ሪጅን የሚቀበል ማጫወቻ ይፈልጋል። «ኦል ሪጅን» ወይም «ሪጅን ፍሪ» የሚል የተጻፈበት ዲስክ የትም ይጫወታል፤ የ4ኬ ዲስኮችም ኮድ የላቸውም። የኮምፒውተር ዲቪዲ ማንበቢያ ሪጅኑን የሚለውጡት አምስት ጊዜ ብቻ ስለሆነና ከዚያ በኋላ በመጨረሻው ምርጫ ላይ ስለሚቆለፍ፣ ለሙከራ ብለው አይነካኩት።

በዲቪዲ ላይ ፓልና ኤንቲኤስሲ የተባሉት ሁለት የቴሌቪዥን ሥርዓቶች ልዩነትም አለ። በፓል ሥርዓት በሰከንድ 24 ፍሬም የሆነው ፊልም በ25 ስለሚሄድ 100 ደቂቃ የሆነው ወደ 96 ይወርዳል፤ አራት ደቂቃ ጎደለ ብለው ተቆርጧል እንዳይሉ። ከአሜሪካ ማጫወቻ የሚያስመጡ ከሆነ ደግሞ ከጀርባው ያለውን የኤሌክትሪክ ቁጥር ያንብቡ፤ 100–240 ቮልት ካላለና 120 ብቻ ከሆነ በእኛ 220 ላይ ሲሰካ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ምሽት ይሆናል።

ደረጃ 4፦ መግዛት፣ መዋስ ወይም በነፃ ማግኘት

የአሳታሚዎቹን ስም መልመድ ፍለጋውን በግማሽ ያቃልላል። ለድምፅ አልባ ፊልም ኪኖ ሎርበር፣ ፍሊከር አሊና ማይልስቶን ከአሜሪካ፣ የዩሬካ «ማስተርስ ኦፍ ሲኒማ» እና የብሪታንያ ፊልም ተቋም ከእንግሊዝ ይታመናሉ። ለአስፈሪና ለወንጀል ፊልም አሮው ቪዲዮ፣ ሴቨሪን እና ቪኒገር ሲንድሮም አሉ፤ የመጨረሻው ስሙን የወሰደው ከናይትሬት በኋላ የመጣው አሴቴት ፊልም ሲበላሽ ከሚያወጣው የኮምጣጤ ሽታ ነው። ክራይቴሪየን ሁሉንም ዓይነት ይነካካል፣ ዋጋውም እንደዚያው ነው። ዋርነር አርካይቭ ከ2009 ጀምሮ ብዙ ገዢ የማይጠበቅባቸውን ፊልሞች በትእዛዝ ሲያቀርብ በፋብሪካ ያልታተሙ፣ በማሽን የተቃጠሉ (በሌዘር አንድ በአንድ የተቀዱ) ዲስኮችን ስለተጠቀመ፣ እነዚያን ያገለገሉ ሲገዙ እስከ መጨረሻው ሳይጫወቱ አይክፈሉ።

አሜሪካና አውሮፓ ያሉ አንባቢዎች ከመግዛታቸው በፊት የሰፈራቸውን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይጠይቁ፤ በመደርደሪያው ላይ ከሌለ ከሌላ ቅርንጫፍ ያስመጡታል። አገር ቤት ያለው ሰው ደግሞ በኢንተርኔት በነፃ ከሚገኘው ሊጀምር ይችላል። አሜሪካ ውስጥ የወጣ ፊልም 95 ዓመት ሲሞላው የሕዝብ ሀብት ስለሚሆን፣ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽና ኢንተርኔት አርካይቭ ብዙ እንዲህ ያሉ ፊልሞችን ይዘዋል። ይሁን እንጂ ነፃነቱ ሁለት መልክ አለው። በ1968 የወጣው «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ርዕሱ ሲቀየር የባለቤትነት ማስታወቂያው ከቅጂዎቹ ላይ በመውደቁ ገና በወጣበት ጊዜ ባለቤት አልባ ሆነ፤ ያገኘ ሁሉ እያባዛ ሸጠው፤ ዝናው የተስፋፋውም፣ ለዓመታት ደብዝዞና ተጨማድዶ የታየውም በዚያው ምክንያት ነው። በ2016 በእድሳት የወጣውን ያየ ሰው ፊልሙ ያን ያህል ጥርት ያለ ምስል እንደነበረው ማመን ይቸግረዋል።

ደረጃ 5፦ ቴሌቪዥኑን ማስተካከል

አዳዲስ ቴሌቪዥኖች እንቅስቃሴን ለማለስለስ በፍሬሞች መካከል የራሳቸውን ፍሬም ፈጥረው ያስገባሉ። ይህ ለእግር ኳስ ይሁን ይባል፤ የመቶ ዓመት ፊልምን ግን የሠርግ ቪዲዮ ያስመስለዋል። በሳምሰንግ «ኦቶ ሞሽን ፕላስ»፣ በኤልጂ «ትሩ ሞሽን»፣ በሶኒ «ሞሽን ፍሎው» የሚለውን ፈልገው ያጥፉ። «ፊልምሜከር ሞድ» የሚል ምርጫ ካለ እሱን ብቻ ማብራት ይበቃል።

ቀጥሎ የምስሉን ቅርጽ ይፈትሹ። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ፊልሞች ቅርጻቸው ወደ ካሬ የተጠጋ ነው፤ በሰፊ ቴሌቪዥን ላይ በግራና በቀኝ ጥቁር ሊቀር ግድ ነው። ጥቁሩን ለመሙላት ምስሉን ከለጠጡት ኪተን ወፍራም ሰው ይሆናል፤ ካጎሉት ደግሞ የሁሉም ባርኔጣ ይቆረጣል። ጥርትነትን የሚጨምረውንና ብናኝ የሚቀንሰውንም ያጥፉ፤ በምስሉ ላይ የሚንቀሳቀሰው ደቃቅ ብናኝ ቆሻሻ ሳይሆን የፊልሙ ቅንጣት ነው፤ ሲጠረግ ፊት ሁሉ የሰም ፊት ይመስላል።

ደረጃ 6፦ ማየት

ስልክ ከእጅ ይራቅ፤ በድምፅ አልባ ፊልም ውስጥ ጆሮ የሚነግርዎት ነገር ስለሌለ ዓይን ዞር ባለ ቁጥር ታሪኩ ያመልጣል። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ዓይን እስኪለምድ ታገሡ። ረጅም ከሆነ በሁለት ምሽት ከፍሎ ማየት ነውር የለበትም።

የጽሑፍ ካርዶቹ በእንግሊዝኛ መሆናቸው ለአንዳንድ የቤተሰብ አባላት እንቅፋት ይመስላል፤ እኔ ግን በዚህ ምክንያት ነው ድምፅ አልባ ፊልም ለእኛ ቤት ይመቻል የምለው። እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም፤ ካርዱ ሲመጣ እኔ በአማርኛ እነግራታለሁ፣ ተናጋሪ ስለሌለ የምሸፍነው ድምፅ የለም። በሦስተኛው ካርድ ላይ «ቆይ፣ ገብቶኛል» ብላ አስቆመችኝና ቀሪውን እሷ ለልጆቹ ትተርክ ጀመር። ጃፓን ውስጥ በድምፅ አልባው ዘመን ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር፤ ቤንሺ የሚባሉት ተራኪዎች ከስክሪኑ አጠገብ ቆመው ታሪኩን ይተርኩና የተዋናዮቹን ድምፅ ይጫወቱ ነበር፤ ተመልካቹም አንዳንዴ የሚመጣው ለተዋናዩ ሳይሆን ለተራኪው ነበር።

በባለሙያ የተሰጠ ማብራሪያ በዲስኩ ላይ ካለ ከፊልሙ በፊት አይክፈቱት፤ በማግስቱ ሁለተኛ ጊዜ ሲያዩ ያዳምጡት።

ደረጃ 7፦ መመዝገብና ቀጣዩን ክር መሳብ

ያዩትን ፊልም ርዕስ፣ ዓመቱን፣ የአሳታሚውን ስም፣ ርዝመቱንና ሙዚቃውን የሠራውን ሰው በአንድ ደብተር ላይ ይጻፉ፤ የተሻለ ቅጂ ሲወጣ የሚያወዳድሩበት ይሆናል። ከዚያ ከፊልሙ መግቢያ ላይ አንድ ስም ይምረጡና ይከተሉ። ይህ ዘዴ ወዳልታሰበ ቦታ ያደርሳል፤ አንድ ለእኛ ቅርብ የሆነ ምሳሌ ልስጥ። የኃይሌ ገሪማ ፊልም የሆነው «ቡሽ ማማ» ሲሠራ ካሜራ ከያዙት አንዱ፣ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አብሮት የተማረው ቻርልስ በርኔት ነበር። በርኔት እዚያው እያለ የሠራው «ኪለር ኦፍ ሺፕ» በውስጡ ያሉት ዘፈኖች የመብት ክፍያ ስላልተፈጸመ ለሠላሳ ዓመት ያህል በወጉ ለሕዝብ ሳይወጣ ቆይቶ፣ በ2007 ማይልስቶን ዘፈኖቹን ከፍሎ አወጣው። የኃይሌ «ሳንኮፋ» ደግሞ በ1993 አከፋፋይ አጥቶ ራሱ እየዞረ ያሳየው ፊልም ሲሆን፣ ታድሶ በሰፊው የታየው በ2021 ነው።

ዲስኮቹን በጠርዛቸው ይያዙ፣ እንደ መጽሐፍ አቁመው ከፀሐይ ራቅ ባለ ቦታ ያስቀምጡ፤ ከላይ ያነሣኋቸውን በማሽን የተቃጠሉትን ደግሞ ከመስኮት አጠገብ ፈጽሞ አያኑሩ፤ ማቅለሚያቸው በብርሃን ይጎዳል። የእኔ የመጀመሪያው «ኖስፌራቱ» እስካሁን ከታደሰው ጎን ቆሟል፤ እንግዳ ሲመጣ ሁለቱንም አሥር አሥር ደቂቃ አሳያለሁ፣ ሁልጊዜም በቀኑ እጀምራለሁ።